አባባ እና ሞግዚቷ

ሰኔ 9

እትዬ፣

ደብዳቤሽን በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ጃኬቴን እንኳ አላወለቅኩም ነበር። አንቺና አባባ ደህና ከሆናችሁ፣ ጣራችንም ክረምቱን ከቻለው፣ ስለ እኔ አታስቢ። ሥራዬ ያው ነው። መኪና የምንፈትንበት ሜዳ ላይ ሆን ብለው ውሃ ይረጫሉ፣ እኔ መሪ ይዤ እገባና እንሸራተታለሁ። አባባ ይህን ሲሰማ «እኔ እንዳይንሸራተት ነው ያስተማርኩት» ብሎ እንደሚስቅ አውቃለሁ።

ክሊኒኩ አዲስ መኪና ማግኘቱ፣ ቁልፉም ላንቺ መሰጠቱ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያን ተራራ በዚያች በተጨራመተች መኪና ሕመምተኛ ጭነሽ ስትወጪ ስትወርጂ የኖርሽው ይበቃሻል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ኩርባው መሀል ላይ ሐሳቧን ትቀይራለች» ያልሽው እውነት ነው፤ አንቺም አልተሳሳትሽ፣ መኪናዋም አልተበላሸች። ይቺ መኪና ደህና መንገድ ላይ የምትሄደው በፊት ጎማዎቿ ብቻ ነው። እነሱ ሲያዳልጣቸው ነው ውስጥ ያለው ፍሪሲዮን ተጣብቆ ለኋለኞቹ ጉልበት የሚልክላቸው። ስለዚህ እርጥብ ኩርባ ላይ ነዳጅ ስትሰጪ መጀመሪያ አፍንጫዋ ወደ ውጭ ልውጣ ይላል፤ ከዚያ የኋላዎቹ ይደርሱና ይገፉሻል። ጠባይዋ የሚለወጠው ያኔ ነው። መፍትሔው እግርሽን ማረጋጋት ነው። ከኩርባው በፊት ፍጥነትሽን ጨርሰሽ ቀንሺ፣ ከገባሽ በኋላ ነዳጁን ሳትለቂ ሳትጫኚ እኩል ያዢው።

«አንድ ጎማ ብቻ ፍሬን የያዘ ይመስለኛል» ያልሽው ደግሞ ማረጋጊያው ነው። መሪሽ ወደዚህ እያለ መኪናዋ ወደዚያ ስትሄድ፣ ራሷ አንዱን ጎማ ለብቻው ትይዛለች፣ ሞተሩንም ታፍነዋለች። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት ብልጭ የምትለው በዚያን ጊዜ ነው። ጭቃ ውስጥ ከተቀረቀርሽ ግን ይሄው ማፈኗ ያስቀርሻል፤ የማረጋጊያውን አዝራር ተጭነሽ አጥፊው፣ ስትወጪ መልሽው።

እንዳትዘናጊ ብቻ። አራቱም ጎማ መጎተቱ ለመሄድ ነው እንጂ ለመቆም አይጠቅምሽም። ቁልቁለት ላይ የሚያቆምሽ ያው የጎማሽ ጥርስ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ መኪናዋ ገጽ በገጽ ጽፈሽልኛል። ስለ አባባ ግን «ደህና ነው» ብቻ። ምነው?

ወንድምሽ፣ ጡሩምባ


ሐምሌ 2

ጡሩምባዬ፣

መልሴ ዘገየ፤ አትቀየመኝ። ዝናቡ መንገዱን እየበላው፣ ማታ የምገባው እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሼ ነው። «ለምን አትደውይም» ትለኝ ይሆናል፤ እዚህ ስልክ የሚይዘው ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ብቻ ነው፤ መስኮቱ አጠገብ ደግሞ የአባባ ወንበር አለ። የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ።

እግርሽን አረጋጊ ያልከኝን ሞከርኩት። እውነትህን ነው፣ ልክ እንዳልከው ሆነች። የክሊኒኩ ሲስተር እንኳ «ዛሬስ ሆዴን አልረበሽሽኝም» አለችኝ።

አባባን ላሳየው ብዬ አዲሷን መኪና በራችን ላይ አቆምኩለት። ዞራት። ጎማዋን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። አንተ የጻፍክልኝን አስረዳሁት፣ የትኛው ጎማ መቼ እንደሚይዝ፣ ማረጋጊያው እንዴት እንደሚያርም። ሰምቶ ሰምቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ ሾፌሩ ምን ይሠራል? ጡሩምባ ሊነፋ ነው?» ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ሞግዚቷ ሆኗል። «ሞግዚቷ አደረሰችሽ? ሞግዚቷ አፍንጫሽን ጠረገችልሽ?» ይለኛል ስገባ።

እሱማ ያቺ የድሮ መኪናው፣ አሮጊቷ ጋ ነው የሚውለው። ሼዱ ውስጥ ገብቶ ይወለውላታል፣ ሲደክመው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። አንድ ቀን ልጠራው ስገባ ያ የመቀመጫዋ ቆዳ ከነዳጅ ጋር የተቀላቀለው ሽታዋ አፍንጫዬን አለኝና ልጅነቴ ሁሉ መጣብኝ። ታስታውሳለህ ጭቃው ሲጀምር? አባባ አቁሞ «ውረዱ!» ይለናል። አራቱም ጎማ እንዲጎትት፣ በየፊት ጎማው እምብርት ላይ ያለችውን መቆለፊያ አንተ የቀኙን እኔ የግራውን እንሽቀዳደምና እናዞራለን። «ያዘ?» ይላል አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። «ያዘ!» እንላለን። እማማ በሕይወት ሳለች ታዲያ በዚያ በጭቃ እጃችን ወንበሩን እንዳንነካ ትጮህብን ነበር። ጠባብ ኩርባ ላይ ስንደርስ አሮጊቷ የፊቱም የኋላውም ጎማ አንድ ላይ ታስሮ ታንቃ ታቃስታለች፤ አንተ ደግሞ አብረሃት ታቃስታለህ።

አሁን ማንም አይወርድም። መኪናዋ ራሷ ትይዛለች፣ ራሷ ትለቃለች። ይመቻል። ግን ትንሽ ይከፋኛል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አባባ ደህና ነው። ትንሽ ደከም ብሎታል፣ የዕድሜ ነገር። አትጨነቅ።

እህትህ


ሐምሌ 21

እትዬ፣

የጎረቤታችን መካኒክ መልእክት ልኮብኛል። ለአሮጊቷ የግራ ፓራፋንጎና የፊት መብራት እዚህ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቀኛል። የማውቅ መስሎት ነው።

እኔ ግን አላውቅም። አሮጊቷ ምን ገጨች? መሪውን የያዘው ማን ነበር? «ትንሽ ደከም ብሎታል» ማለት ይሄ ነው?

ሩቅ ነኝ ብለሽ እንደ ሕፃን አትሸንግዪኝ። የምትደብቂኝ ነገር ከእውነቱ የባሰ ሆኖ ነው እዚህ ራሴ ውስጥ የሚያድገው።

ወንድምሽ


ነሐሴ 3

ወንድሜ፣

በመጀመሪያ ይህን አንብብ፤ ሰው አልተጎዳም። አባባም ጭረት የለበትም።

ልነግርህ ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት ብዙ ነው። አንተ እዚያ በምትንሸራተትበት ሜዳ ላይ ሐሳብህ ወዲህ ሆኖ እንዳትቀር ብዬ ነው። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ። መካኒኩንም እንዳትቀየመው፣ እሱ የሚያውቀው ፓራፋንጎ ብቻ ነው።

በግንቦት መጨረሻ ነው። አባባ አዲሱን መነጽሩን ሊቀበል ወደ ከተማ ይወርድ ነበር። ከትምህርት ቤቱ በታች ያለችው ጠጠራማ ኩርባ ላይ የአሮጊቷ ኋላ ሸሸችበት። በሕይወቱ ስንት ጊዜ እንዲህ ሸሽታበት መልሷታል! ያን ዕለት አልተመለሰችም። መንገድ ዳር ያለው ዛፍ ይዞ አስቀራት። ተማሪዎቹ ከዚያ ቦታ ያለፉት ከአፍታ በፊት ነበር።

በእግሩ ነው ወደ ቤት የመጣው። እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ፣ «ዛፍ ገጨሁ፣ ፍሬኗ ነው» አለኝ። መካኒኩ ፍሬኗን ፈታታው፣ አየው፣ መልሶ ገጠመው። ምንም የለውም። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት።

አሁን እያሠራት ነው። ስታልቅ ሊነዳት ነው። ቁልፉ ከኪሱ ወጥቶ አያውቅም፣ ሲተኛም ትራሱ አጠገብ ነው። አንድ ዕድሜ ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ አንድ ሰው ያላቆሰለን ሰው፣ የሰውን ሁሉ ልጅ በእጁ ከተማ ያወረደን ሰው፣ እኔ ምን ብዬ ነው ቁልፉን አምጣ የምለው? አፌ አይታዘዝልኝም። አንተ ጻፍለት። ልጁ ነህ፣ የመኪና ሰው ነህ። ተው በለው።

እህትህ


ነሐሴ 15

እትዬ፣

ተው አልለውም።

አትቆጪ፣ ጨርሰሽ አንብቢኝ። በደብዳቤ ተው ብለው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፣ በማግስቱ ይነዳል። አባባ የሚያምነው የሰው አፍ አይደለም፤ የገዛ እጁን ነው። ስለዚህ እጁን እንጠይቀው።

የተዘጋው የጡብ ፋብሪካ ሜዳ አሁንም ባዶ ነው? ሁለታችንንም መንዳት ያስተማረን እዚያ ነው። ዝናብ የጣለበት ቀን ምረጪ። ሲስተርን አስፈቅጂና በሞግዚቷ ይዘሽው ሂጂ። መጀመሪያ ማረጋጊያውን አጥፍተሽ፣ ቀጥሎ አብርተሽ ይንዳት። የሚገጨው ነገር የለም።

የሚያስፈራኝ አንድ ነገር አለ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። ማረጋጊያው ሲበራ ጥሩ ይነዳል። በጣም ጥሩ። እኛ ሥራ ቤት የምንኮራበት ነገር ሾፌሩ ሳያውቀው ስህተቱን ማረም ነው፤ «አልተሰማኝም» ሲሉን እንጨባበጣለን። መኪናዋ ግን የምትችለው እስከ ጎማዋ አቅም ነው፤ ከዚያ ባለፈ ፍጥነት የገባን ሰው እሷም አታድነውም። አባባ «እጄ አልከዳኝም» ብሎ ተደስቶ ቢወጣ ከአሮጊቷ የባሰ ነገር ነው ያመጣንበት። ስለዚህ ቢጫዋን መብራት አሳዪው። ምን ማለት እንደሆነችም ንገሪው። የቀረውን ለእሱ ተዪለት።

ይከብድሻል። እኔ መሆን ነበረብኝ አጠገቡ የምቀመጠው።

ወንድምሽ


ነሐሴ 28

ጡሩምባዬ፣

ሄድን።

«አባባ፣ ይቺን መኪና ገና አልለመድኳትም፣ እስቲ አንተ እያት» አልኩት። አባታችን ሞኝ አይደለም። ረጅም ጊዜ አየኝ። «ልትፈትኚኝ ነው?» አለ። «መኪናዋን ነው» አልኩ። «እሺ፣ መኪናዋን እንፈትናት» አለና ያን የሥራውን ጃኬት ለበሰ፣ ያን ክርኑ ላይ ቆዳ ያለውን።

ሜዳው ያው ነው። ጭስ ማውጫው ቆሟል፣ የተሰባበረው ጡብ ክምር ሣር በቅሎበታል፣ ቀይ ጭቃው እንደ ሳሙና ነው። ማረጋጊያውን አጠፋሁት። ጭስ ማውጫውን ሲዞር ኋላዋ ሄደች፤ መሪውን መለሰ፣ ግን ዘገየ፣ እኛም ተሽከረከርንና ወደመጣንበት ዞረን ቆምን። እኔ የበሩን እጀታ ጨበጥኩ። እሱ ሳቀ! እንደ ልጅ ሳቀ። «ወይ አንቺ!» አላት መሪውን መታ እያደረገ።

ከዚያ አበራሁት። እንደገና ዞረ፣ ፈጠን ብሎ። ቀጥ ብላ ታዘዘችው። ሦስተኛም ዞረ። ፊቱ በራ። ወንድሜ፣ እንዲህ ሆኖ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው! «አየሽ? እጄ አልረሳም» አለኝ።

ልክ አንተ የፈራኸው ነው። መብራቷ ስትበራ ስትጠፋ አይቻታለሁ። ዝም ማለት እችል ነበር፣ ዝም ማለትም አማረኝ። ጣቴን ዘርግቼ መብራቷ ላይ አደረግኩ።

«አባባ፣ ይቺ ስትበራ መኪናዋ ናት የያዘችህ።»

«መቼ በራች?»

«ስትዞር ሁሉ።»

ቀስ ብሎ እንደገና ነዳ፣ አንድ ዓይኑ መብራቷ ላይ ነው። ጡቡ ክምር ጋ ስንደርስ ብልጭ አለች። አቆመ። ሞተሩን አጠፋው። ዝናቡ ጣራው ላይ ይመታል።

«አልተሰማኝም» አለ። «ድሮ ኋላዋ ልትሄድ ስትል ወገቤ ነበር የሚነግረኝ። እጄ ሳያውቅ፣ ዓይኔ ሳያይ፣ ወገቤ። አሁን ስትሄድም አልተሰማኝ፣ ስትመልሰኝም አልተሰማኝ።» እጁን ከመሪው አነሳና፣ «ዛፉን የገጨሁ ዕለት ከተማሪዎቹ መጨረሻ ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ ነበረች» አለኝ።

በሩን ከፍቶ ወረደ፣ በዚያ ጭቃ ዞሮ መጣና የእኔን መስኮት አንኳኳ። «ተሻገሪ» አለኝ።

ቤት ስንገባ የአሮጊቷን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። በእጄ አልሰጠኝም። እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

እህትህ


መስከረም 14

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ሥራ ቤት፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አነበብኩት። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። «አባቴ መንዳት አቆመ» አልኩት። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ጡረታ ወጣ?» አለኝ። ለሰው እንዴት ተደርጎ ይነገራል?

ሰሞኑን አውቶቡሱ ነው የሚታየኝ። እኔና አንቺ የሞተሩ ክዳን ላይ እንቀመጥ ነበር፣ ቂጣችን እየተቃጠለ። ማርሽ ሲቀይር ያንጎራጉር ነበር፤ ዳገት ላይ ዜማው ዝቅ፣ ሜዳ ላይ ከፍ ይላል። እኔም በአፌ ጡሩምባ እነፋለታለሁ፣ ስሙም በዚያው ቀረብኝ። ሰው ሲወርድ ሁሉም «እጅህ ይባረክ» ይለዋል። እኔ ለረጅም ጊዜ ስሙ እሱ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ማረጋጊያውን ከዚህም ይበልጥ እናለስልሰው፣ ጭራሽ እንዳይታወቅ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። «መብራቷን ግን እንዳትነኩ» አልኩ። ለምን ሲለኝ ማስረዳት አቃተኝ።

አሁን አባባ ምን ይውላል? አንዳች ነገር የገደልንበት ይመስለኛል። እውነቱን ጻፊልኝ፣ ደህና ነው አትበዪኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 6

ጡሩምባዬ፣

«ምን ይውላል» ላልከው፣ እውነቱን ልጻፍልህ። መስኮቱ ጋ ነበር የሚውለው። ሼዱን አልከፈተም። «ሞግዚቷ አደረሰችሽ?» ማለቱንም ተወ። ምግቡን አቀርባለሁ፣ ሲበርድ አነሳለሁ። አንተ የገደልነው መሰለኝ ያልከውን እኔም በየቀኑ ስለው ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ጭጋግ ወረደ። ጭጋግ አውቃለሁ፣ ይሄ ግን የመኪናዋን አፍንጫ የሚደብቅ ነው። ክሊኒክ ውስጥ የመጀመሪያዋን የምትወልድ ልጅ አለች፤ ሲስተር ወጥታ፣ «ሕፃኑ ተጋድሟል፣ እዚህ አይሆንልኝም፣ ሆስፒታል መውረድ አለባት። ትችያለሽ?» አለችኝ። ጭጋጉን አየሁ፣ ባሏን አየሁ። ባሏ ባርኔጣውን እጁ ላይ ያሽከረክራል።

ሮጬ ቤት ገባሁ። «አባባ፣ መንገዱ አይታየኝም።»

ጫማውን ሳያስር ተከተለኝ። አጠገቤ ተቀመጠ፣ መስኮቱን እስከ ታች አወረደው፣ ጭንቅላቱን አወጣ።

«ሂጂ። ቀስ እያልሽ። አሁን ሰነፉ ኩርባ ነው፣ ረጅም ነው፣ አትቸኩዪበት።»

ለእያንዳንዱ ኩርባ ስም እንዳለው ረስቼው ነበር። ሰነፉ፣ ባርኔጣ ወሳጁ፣ አማት። ለምን አማት እንዳላት ታውቃለህ፣ ምንም ብታደርግላት ደስ አይላትም። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚነግረኝ። «የውሃ ድምፅ ሰማሽ? በግራሽ ነው? አማት መጣች ማለት ነው። ፍሬንሽን አሁን ጨርሺ። በቃ ልቀቂ። እግርሽን እኩል። መሪሽን ስጫት።» ሞግዚቷም ከታች ሥራዋን ትሠራለች፣ የኋላዎቹ ሲገፉ ይሰማኛል። ከኋላ ልጅቷ ታቃስታለች፣ ሲስተር «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ አይዞሽ» ትላታለች።

ናዳ የወረደበት ቦታ ጭቃው ያዘን። ሞተሩ ታፈነ። እኔ ደንግጬ ነዳጁን ይብስ ስጫን አባባ እጄን ያዘኝ። «ሞግዚቷን አስተኚያት» አለኝ። አዝራሩን አጠፋሁት፣ ጎማዎቹ ጭቃውን እየተፉ ወጣን። «በይ አሁን ቀስቅሻት፣ ቁልቁለቱ ይመጣል» አለ።

ደረስን። ሐኪሞቹ በር ላይ ተቀበሉን። ሴት ልጅ ናት፤ እናትየዋም ተርፋለች። ባሏ መጥቶ የአባባን እጅ ሊስም ጎንበስ ሲል አባባ እጁን ሰበሰበና ወደ እኔ ጠቆመ። «ሾፌሯ እሷ ናት» አለው። አንተ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አፈርኩ።

ስንመለስ ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ተራራው ታጥቦ አረንጓዴ ሆኗል። ሌላ ሰው ሲነዳ አባባ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ። ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፣ ኩርባ በመጣ ቁጥር ትንፋሹን ይስባል፤ ለእማማ ሐኪም ቤት ስንመላለስ እንኳ በዚያ ሁሉ ድካሙ አንድ ቀን ዓይኑን አልከደነም። ድልድዩን እንዳለፍን እያወራልኝ ነበር፣ አውቶቡሱን በጎርፍ ስላሻገረበት ቀን። ድምፁ ጠፋ። ዞር ብዬ ሳየው ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ተኝቷል።

ኩርባዎቹን ሁሉ እንዲህ አድርጌ ነድቼ አላውቅም። አማትን ስዞራት ጭንቅላቱ እንኳ ከመስታወቱ አልተነቀነቀም። በራችን ላይ ደርሼ ቆምኩ፤ ድምፁ ሲቋረጥ እንዳይነቃ ሞተሩን አላጠፋሁትም። ሲስተር ከኋላ በእጇ «ምነው?» አለችኝ።

ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ፣ ተቀመጥን።

እህትህ